ጣና ላይ ደቦ ወጣን፤ ወንፈል ግን አልገባንም

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። ደቦና ወንፈል።

ከተማ ያደገ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። ገበሬ ግን አያምታታቸውም። ደቦ ማለት ሥራ የበዛበት ሰው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ አገሩን የሚጠራበት ነው። ሰው ይመጣል፣ እየዘፈነ ያጭዳል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ወንፈል ሌላ ነው። ዛሬ አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ፣ ነገ እኔ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ተራ አለው። ቀኑ ይቆጠራል። የቀረ ሰው ዕዳ አለበት።

ይህን ያነሳሁት ስለ ጣናና ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ ልጽፍ ስለሆነ ነው። ሰው ተባብሮ ወንዝና ሐይቅ ስለማዳኑ ሲወራ ጣናን የሚያህል ምሳሌ አገራችን ውስጥ የለም። ገበሬው ወጣ፣ ተማሪው ወጣ፣ ከሌላ ክልል ወጣት መጣ፣ ውጭ ያለው ወገን ገንዘብ አዋጣ፣ መንግሥት ዘመቻ አወጀ። እምቦጩ ግን ዛሬም አለ። ሰው አልተባበረም እንዳይባል ተባብሯል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር የሚያህል ነገር፣ ግን እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ። ይህ ጠፍጣፋነት በኋላ ይመጣብናልና ያዙልኝ።

ወንዞችና ጅረቶች ከየአቅጣጫው ይገቡበታል። ዋናዎቹ ግን አራት ናቸው። ግልገል አባይ ከሰከላ ይመጣል። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ይወርዳሉ። መገጭ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ይነሳል። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የእነዚህ የአራቱ ነው። በተፈጥሮው የሚወጣው በአንድ በር ነው፣ በአባይ። ውሃውን የሚሰጠው ተፋሰስ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይህ ማለት ከሐይቁ አምስት እጥፍ የሚሆን መሬት አፈሩን፣ ማዳበሪያውንና ቆሻሻውን ወደ ጣና ያጥባል ማለት ነው።

ባሕር ዳር ሄዶ ዳርቻው ላይ አሳ ጥብስ የበላ ሰው፣ የታለ እምቦጩ ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ እዚያ ብዙም አይታየውም። ባሕር ዳር ደቡብ ናት። እምቦጩ ሰፈሩን ያደረገው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው። ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ፣ ደራ። እንግዳ ብዙ የማይሄድበት፣ ሆቴል ያልበዛበት፣ ሩዝ፣ ከብትና ጭቃ ያለበት ዳርቻ ነው። ችግሩ በሰሜኑ ዳር ጎርጎራ መንገድ ላይ ሳይሆን ባሕር ዳር መናፈሻዎች ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ የእኔ ጥርጣሬ ነው።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ለአገሩ ግን አዲስ አልነበረም። ቆቃና አዋሽ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ ታይቷል። ጋምቤላ ውስጥም ባሮና ጊሎ ወንዞች ያውቁታል። የዘር አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ዓለምን የዞረው በመልኩ ነው። ሐምራዊ አበባው ያምራል። ሰው ለኩሬ ማስጌጫ እያለ ከአገር አገር ወሰደው።

የቅጠሉ አገዳ እንደ ፊኛ ያበጠ ነው። ውስጡ አየር ነው። ስለዚህ አይሰምጥም፣ ሥሩን የሚተክልበት መሬትም አይፈልግም። ውሃው ውስጥ ያለውን ምግብ በተንጠለጠለ ሥሩ ይመጥጣል። የሚራባውም በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ከጎኑ ልጅ ያወጣል፣ ልጁም ልጅ ያወጣል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አብቦ ዘር ያራግፋል። ዘሩ በሺዎች ነው። ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይጠብቃል። አንድን አረም ለማጥፋት ስትነሳ፣ ጠላትህ ዛሬ የምታየው ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመት በኋላ የሚበቅለውም ነው።

ዳርቻው ላይ ያለው ሰው ኑሮ ከክረምትና ከበጋ ጋር ይሄዳል። ክረምት ላይ ሐይቁ ይሞላል፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፣ ሩዝ ይበቅላል። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሻል። የሸሸበትን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። እርጥብና ለም ነው። ሽንብራ፣ ጓያ፣ አንዳንዴም ጤፍ ይዘራበታል። ያልታረሰው ሣር ያበቅላል፣ ከብት ይሰማራበታል። የፎገራ ከብት ያለ ምክንያት ስሙ አልወጣም።

እምቦጭ የመጣው ይህን ዑደት ተከትሎ ነው። ውሃው ሲሞላ አብሮ ወደ ሩዝ ማሳ ይገባል። ውሃው ሲሸሽ እዚያው መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቀራል። ሣሩ ከሥሩ ይሞታል። ሽንብራ የሚዘራው ሰው መጀመሪያ የወደቀውን ማንሳት አለበት። ሣር ያጣ ከብት እምቦጩን ይበላል፣ የበላው ይቀዝናል ይላሉ አርቢዎቹ። አሳ አጥማጁ ማታ የጣለውን መረብ ጠዋት ከአረም ጋር ተጠቅልሎ ያገኘዋል። ታንኳ አይቀዝፍም። ነጭ አሳ የሚሉት ደግሞ ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣል። ከዚህ ወገን በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ ያሉ ዝርያዎች አሉ። እምቦጩ የሚከማቸው ደግሞ ልክ በወንዞቹ አፍ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ሥራ የሠሩት እነዚሁ የዳርቻ ሰዎች ናቸው። ማንም ካሜራ ይዞ አልመጣም ነበር። እስከ ደረት ውሃ ውስጥ ገብተው፣ በማጭድ እየቆረጡ፣ በገመድ እየጎተቱ፣ በመንሽና በቃሬዛ እያወጡ ዳር ላይ ከመሩት። ሲደርቅ አቃጠሉት። አልቅት አለ፣ እባብ አለ፣ ቆዳን የሚያሳክክ ነገር አለ። ቦት ጫማና ጓንት የነበረው ሰው ጥቂት ነው። በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ተወገደ ተባለ። እውነትም ቀንሶ ነበር። ከዚያ ሰው ወደ እርሻው ተመለሰ። እምቦጩም ተመለሰ።

ክብደቱን አስቡት። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ እምቦጭ በአንድ ሄክታር ላይ እስከ 400 ቶን ሊመዝን ይችላል። ከዚህ 90 በመቶ የሚበልጠው ውሃ ነው። ዝቅ አድርገን 300 ቶን እንበል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ቢሸከም አንዱን ሄክታር ለመጨረስ 10,000 ምልልስ ያስፈልጋል። ያውም ጭቃ ላይ። እስክትጨርስ ድረስ ደግሞ የተረፈው እየበዛ ነው።

ሁለተኛው ደቦ በ2010 ዓ.ም. የመጣው ነው። ይህን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። በጥቅምት ወር ከ200 በላይ ወጣቶች ከኦሮሚያ ተነስተው ባሕር ዳር ገቡ። መፈክራቸው «ጣና ኬኛ» ነበር፣ ጣና የእኛ ነው ማለት ነው። ጊዜው ከባድ ነበር። በሁለቱም ክልሎች ተቃውሞ ነበር፣ እስርና ሞት ነበር፣ ሕዝቡን ለማጣላት የሚሠራም አልጠፋም። በዚያ መሀል እነዚህ ልጆች ያላደጉበት ሐይቅ ውስጥ ገብተው አረም ነቀሉ። የባሕር ዳር ሰው በእልልታ ተቀበላቸው። ሳምንታት ሳይቆይ የኦሮሚያው ፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ ልዑካን ይዘው ባሕር ዳር መጡ፣ የአማራው ፕሬዚዳንት ገዱ አንዳርጋቸው ተቀበሏቸው። «ኦሮማራ» የሚለው ቃል የሁሉም አፍ ላይ ገባ። ከወራት በኋላ አገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቀየረች።

እንበልና እያንዳንዱ ወጣት በቀን አንድ ቶን አወጣ። ለ200 ሰው 200 ቶን ነው። በእኛ ሒሳብ አንድ ሄክታር አይሞላም። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም። እነዚያ ልጆች የሠሩት ሥራ ሌላ ነበር፣ እሱንም አሳክተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ልማድ ነው። ጣና መሄድ፣ ካናቴራ መልበስ፣ አንድ ሁለት እቅፍ ማውጣት፣ ፎቶ መነሳት፣ መመለስ። ማኅበሩም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ዝነኛውም ሄደ። ሁሉም ከልቡ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን ደቦ ነበር። ዘፈኑ አለ፣ ምርቃቱ አለ። ተራ የለውም።

ሦስተኛው የብረት ደቦ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ገዝተው ላኩ። እዚህም የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፣ የግል ድርጅቶችና ብረት ቤቶች የየራሳቸውን ሠሩ። አንድ ሰሞን ጣና የማሽን ኤግዚቢሽን መስሎ ነበር። ማሽን ሲመጣ ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ጠፍጣፋነት እዚህ ላይ መጣ። እምቦጩ የሚወደው ቦታ ጥልቀቱ ጉልበት የማያልፍ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚፈልጉት ደግሞ ከዚያ የጠለቀ ውሃ ነው። ገብቶ ያጨደውም የት ያራግፈው? ማራገፊያ ወደብ የለም። መኪና ዳር ድረስ ይምጣ ቢባል መሬቱ ዋልካ ነው፣ እርጥብ ሲሆን በሬም ይውጣል። አንድ የዘይት ማጣሪያ ሲበላሽ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ነው። ነዳጅ አለ፣ ኦፕሬተር አለ፣ ጥበቃ አለ፣ አበል አለ። ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት ይቻላል። ለማሽን ነዳጅ በየወሩ፣ ለአሥር ዓመት የሚያዋጣ ማን ነው? ዳር ላይ የቆሙ ማሽኖች ሥዕል ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ሲዞር ለጋሹ ተናደደ፣ ተቀባዩ ተሸማቀቀ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ማሽኑን ለመቀበል የተዘጋጀ ዳርቻ አልነበረም።

አራተኛው የመንግሥት ነው። የአማራ ክልል ለጉዳዩ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውሃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲን አቋቋመ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። ወደ 4,300 ሄክታር የሚጠጋ እምቦጭ አለ፣ አብዛኛውን በወር ውስጥ እናጸዳለን ተባለ። ቀበሌ ለቀበሌ ቦታ ተከፋፈሉ። ጥቅምት 24 ሌሊት ሰሜን ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ሥራው ወዲያው አልቆመም። የአገሩ ልብ ግን ሌላ ቦታ ሄደ፣ ሊሄድም ግድ ነበር።

ጥቅምት መመረጡ ምክንያት አለው። ሐይቁ ያን ጊዜ ሙሉ ነው፣ እምቦጩ ተንሳፋፊ ነው፣ መጎተት ይቻላል። ግን ጥቅምትና ኅዳር ጤፍና ሩዝ የሚታጨዱበትም ጊዜ ነው። ገበሬው የራሱን አጭዶ ሳይጨርስ የሐይቁን እንዲያጭድ ይጠራል። በዚያ ላይ አረሙ አብቦ ዘር ከያዘ በኋላ ሲነቀል፣ ሲጎተት ዘሩን እያራገፈ ነው የሚሄደው። ያጸዳህ ይመስልሃል፣ እየዘራህ ነው።

ስለ ሄክታሩ ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። በተለያየ ጊዜ ጣና ላይ አለ የተባለው እምቦጭ በአሥር ሺዎች ሄክታር ደርሶ ያውቃል። በሳተላይት ምስል የለኩ ተመራማሪዎች ግን የሚያገኙት በመቶዎች ወይም በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነው። አንዱ ጥቅጥቅ ያለውን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው እዚህም እዚያም የታየበትን ዳርቻ በሙሉ። ወሩም ለውጥ ያመጣል፣ የጥቅምትና የግንቦት እምቦጭ አንድ አይደለም። ችግሩ፣ መለኪያው ካልተስማማ ሥራውም አይለካም። ዘንድሮ ግማሹን አጸዳን ሲባል የምኑን ግማሽ?

አሁን ወደ ወንፈሉ።

ወንፈል የሚሠራው ማሳ ባለበት ስለሚቆም ነው። የአንተ ማሳ የአንተ ነው፣ ነገም እዚያው ይገኛል። ሐይቅ ላይ ግን ማሳው ራሱ ይንሳፈፋል። አንዱ ቀበሌ ሳምንት ሙሉ ሠርቶ ዳርቻውን ያጸዳል። ሌሊት ንፋስ ይነሳል። ጠዋት የጎረቤቱ እምቦጭ ተጭኖ መጥቶ እፊቱ ቆሟል። አንድ ሁለቴ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሰው ቢሰለች ማን ይፈርድበታል? አምስት ወረዳ አብሮ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ መስመር ካልሠራ ለንፋስ መሥራት ነው። ይህ አንደኛው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። እምቦጭ የሚበላው ምንድን ነው? ናይትሮጂንና ፎስፈረስ። ከየት ይመጣል? ከላይ። ጉና ላይ፣ ፋርጣ ላይ፣ ከጎንደር በላይ ያለው ገደል ላይ የሚታረሰው መሬት ክረምት ሲገባ አፈሩ ከነማዳበሪያው ይታጠባል። ጉማራና ርብ ቡና መስለው የሚወርዱት ለዚህ ነው። ከተሞቹም ድርሻቸው ቀላል አይደለም። የጎንደር ከተማ ፍሳሽ በቀሃና በሽንታ አድርጎ መገጭ ይገባል። ባሕር ዳርም ለሐይቁ የምትሰጠው ንጹሕ ውሃ አይደለም። አረሙ ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ የማይጠፋው አንድም ውሃው ስለማይጠልቅ፣ አንድም እነዚህ ወንዞች ሳህኑን እየሞሉ ስለሚያቀርቡለት ነው።

በወንፈል ሒሳብ እንቁጠር። የዳርቻው ገበሬ ከ2004 ጀምሮ ውሏል። የሌላውን ማሳ ሲያጭድ ነው የኖረው። ተራው መቼ ነው የሚመለስለት? ዕዳው ያለባቸው ከላይ ያሉት ናቸው። ደጋው፣ ከተማው፣ ሆቴሉ፣ ፋብሪካው።

የደጋውን ሰው ግን ዝም ብሎ ባለዕዳ ማድረግ ይከብደኛል። እሱም በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ለተፋሰስ ልማት በነጻ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ክትር ይከትራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ይህም ከ2003 እና 2004 ጀምሮ በአማራ ክልል በሰፊው የተሄደበት ነው። የሚታጠበው አፈር የእሱ ነው። በውድ የገዛው ማዳበሪያ ነው ወንዝ የሚገባው። እርከኑ ቢጸና የመጀመሪያው ተጠቃሚ ራሱ ነበር። ሆኖም እርከኑ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ነው። ኮታው ሲሞላ ሪፖርት ይጻፋል። ከዚያ ልቅ ግጦሽ ይገባል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ በሚቀጥለው ጥር እዚያው ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠራል።

ተመልከቱ እንግዲህ። ላይኛው በጥር ይሠራል፣ ታችኛው በጥቅምት። ላይኛውን የሚያሠራው የግብርና መሥሪያ ቤት ነው፣ ታችኛውን የሐይቅ ኤጀንሲ። የላይኛው ሪፖርት የእርከን ነው፣ የታችኛው የሄክታር። ሁለቱም ደክመዋል። ግን አንድም ቀን አንድ ማሳ ላይ አልተገናኙም። የጉና ገበሬ እርከኑን ሲሠራ ፎገራ ላይ ሽንብራ ስለሚዘራው ሰው ብሎ አይደለም። የፎገራው ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉና ላይ ስለታረሰው ገደል የሚጠይቅበት መድረክ የለውም።

የዳርቻውንም ሰው መልአክ አላደርገውም። ጣና ድሮ በደንገል የታጠረ ሐይቅ ነበር። ደንገል ቁልቁል የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ውሃውን ያጣራል፣ አሳ ይራባበታል። ዳርቻው ላይ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ታንኳቸውን የሚሠሩት በእሱ ነው። ባሕር ሸሹ ሲታረስ፣ እርሻው ውሃው ከንፈር ድረስ ሲደርስ፣ ደንገሉ ተቆረጠ። የሐይቁ አጥር ሲፈርስ ማዳበሪያው ሰተት ብሎ ገባ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው በሚኖሩበት ቦታነት ሲመዘግብ ዳርቻው ላይ የማይታረስ ቀጠና ይኑር የሚል ሐሳብ አብሮ አለ። በካርታ ላይ አለ። መሬት ላይ ግን ሁለት ጥማድ መሬት ያለውን ሰው ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ተመለስ ማለት ልጆችህን ቀንስ ከማለት አይለይም። ምትክ ሳይሰጡት የሚመለስ አይመስለኝም። እኔም ብሆን አልመለስም።

ስለ ጢንዚዛው ባጭሩ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እምቦጭን ብቻ የሚበሉ ሁለት ዓይነት ጢንዚዛዎች ተለቀው ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ በእጅጉ ቀነሰ፣ የአየሩም ሁኔታ አግዟል ይባላል። ከዚያ አካባቢ ወደ ኢትዮጵያም መጥተው ተሞክረዋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አርብቷቸዋል። ጢንዚዛ ጠላ አይጠይቅም፣ ካናቴራ አይለብስም፣ ጥቅምትንም ሰኔንም ይሠራል። ግን ቀስ ይላል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ይበርዳል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይዘገያል። ለዘመቻ አይመችም። ጢንዚዛ ሲበላ ፎቶ አይነሳም። በዚያ ላይ ሰው በየዓመቱ አረሙን ከነጢንዚዛው እየነቀለ ካቃጠለው እንዴት ይርባ? ሁለቱ ዘዴዎች ቦታ ካልተከፋፈሉ እርስ በርስ ይፋረሳሉ።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሌላ ሐሳብ፣ እምቦጩን ጥቅም ላይ እናውለው የሚለው ነው። ኮምፖስት፣ ባዮጋዝ፣ ከሰል። ኮምፖስቱ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከጉና የታጠበውን ማዳበሪያ ወደ ማሳ ይመልሳል። ግን 100 ኪሎ እምቦጭ ተሸክመህ ስታደርቀው እጅህ ላይ የሚቀረው አሥር ኪሎ አይሞላም። ዳር ላይ፣ እዚያው ማሳው አጠገብ ካልሆነ ትርፉ ለመኪናው ነው። ገበያ ከተፈጠረለት ደግሞ እምቦጩ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው ይመጣል። ይህን ስጋት ቀልድ አድርጌ አላየውም።

እኔ ብጠየቅ ትልቅ ነገር አልጠይቅም። አምስቱ ወረዳዎች ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይበረታ፣ አረሙ ገና ትንሽ ሳለና ሳያብብ፣ በአንድ ሳምንት አብረው ይውጡ። ያን ጊዜ አንዱን ማውጣት ጥቅምት ላይ መቶውን ከማውጣት እኩል ነው። አዎ፣ ሰኔም የእርሻ ወር ነው፣ ገበሬ ሥራ የሌለበት ወር የለም። ለዚህ ነው ቀኑ መከፈል ያለበት። ክፍያውም ከአንድ ጊዜ መዋጮ ሳይሆን ውሃውን ከሚጠቀመው ይምጣ። በ2002 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከዚህ ሐይቅ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። ባሕር ዳር ያለው ሆቴል ክፍሉን የሚያከራየው በሐይቁ መልክ ነው። ጎንደር ፍሳሿን የምትሰደው ወደዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ በወንፈሉ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም። ውጭ ያለው ወገንም ሁለተኛ ማሽን ከሚገዛ የአንድ ቀበሌን የአሥር ዓመት ጓንት፣ ቦት ጫማና ጀልባ ቢይዝ ይሻላል። ለፎቶ አይመችም፣ አውቃለሁ።

አሁን ያለው ሁኔታ ለዚህ ሁሉ የሚመች አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት መንገዱንም፣ ስብሰባውንም፣ ዘመቻውንም ይዞታል። ባለሙያ በፈለገው ቀን ደንቢያ ወርዶ የሚለካበት ጊዜ አይደለም። እምቦጭ ሰላም አይጠብቅም፣ ውሃና ምግብ ካገኘ ይበቃዋል።

ባሕር ሸሹ ላይ ግን ውሃው ሲሸሽ ሽንብራ መዘራቱ አይቀርም። ገበሬው ሲያርስ ጭቃው ውስጥ የቆየው ዘር ይነሳል። መጀመሪያ ሲወጣ ሣር ነው የሚመስለው፣ ቀጭን፣ ጣት የማያህል፣ ያ ያበጠ አገዳ ገና የለውም። የሚያውቀው ሰው በሁለት ጣት ይነቅለዋል። ሽንብራውን ሲያርም አብሮ ይነቅልና ወደ ደረቁ ይወረውረዋል። አጠገቡ ያለው ማሳ ላይም ሌላው ሰው እንደዚያው ያደርጋል። ማንም አልጠራቸውም።